ከሦስት መቶው አንዷ

ጁፈይር፣ ነሐሴ። አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ።
ከታች ባሕሩ ይተናል፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ ይታያል ከሩቅ።
ሰው የማይተኛባት አንዲት ክፍል አለች፣
ሌት ተቀን ብርድ የለበሰች፣ መጋረጃዋን የጣለች።
እዚያ ነው የተደረደሩት የሚስተር ፒንቶ ልጆች፦
ሰማንያ አራት ውስኪ፣ ፈቃድ የማያሳድሱ የስኮትላንድ ስደተኞች።

«ቀስ በይ ትርንጎ!» ይላል፣ ጨርቄ ትከሻቸውን ሲነካ፣
ለሰው ትከሻ እንኳ እንዲህ አይሳሳም ለካ።
«ይቺ» አለኝ አንድ ቀን፣ «አምስት ቤቶች ብቅል ያዋጡባት፣
ከሦስት መቶው አንዷ ናት፤ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።»

ብቅልማ እኔም አውቃለሁ፦ ገብስ ነክሮ በኮባ መጠቅለል፣
በሦስተኛው ቀን ገልጦ ማየት፣ ጥፍር አውጥቶ ሲያጎነቁል።
ግን ለድግስ ነው፣ ለጎረቤት፣ አተላው እስኪቀር የሚጠጣ፤
ቁጥር ተሰጥቶት የሚቆም ከወዴት አገር መጣ?

አንገቷ ላይ ቀይ ሰም፣ ከሰሙ ሥር ወርቅ፤
ዘጠኝ ዓመት ቆሞ አነበባት፣ ሰሙን ሳይፈታ፣ ወርቁን ሲጠብቅ።

ዘንድሮ ግን ወርቁ ጎደለ፣ ጣት የሚያህል ከአንገቷ ወረደ፤
በእርሳስ አሰመረ። ዓይኑ ወደ አፌ ሄደ።
አልማልኩም። ሰሙን አሳየሁት፦ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፤
«ማን ጠጣው?» አለ።
«አየሩ» አልኩት፣ «ጌታዬ፣ እሱ ቁጥር አያውቅ።»

ያን ቀንም አልከፈታትም። ታቅፏት ቆየ፣ እንደ ጨቅላ ሲያባብል።
«አንድ ዲግሪ ቀንሺ» አለኝ። ቀነስኩ።
ወጥ ቤት ገብቼ ጨርቄን አሸተትኩት፦
የሦስተኛ ቀን ብቅል።