የቱሊኪ አፍንጫ

ሌሊቱን በሙሉ በረዶ ስገፋ አድሬ፣
መጥረጊያ መኪናዬን ከኦሉ ወደብ ጥግ ገትሬ፣
ቅዳሜ ማለዳ፣ ሃያ ሰባት ከዜሮ በታች ሲሆን፣
ትንፋሼ በረዶ ሠርቶ ሲያሸብተው ጺሜን፣
እገባለሁ ቱሊኪ ቤት፣ ጫማዬን ደፍ ላይ አራግፌ፣
ከሁልጊዜዋ ወንበሬ፣ ከመስኮቱ ሥር አርፌ።

ስድስት ወንበር ብቻ ናት ቤቷ። ስኳር የለም። ወተት
ቢለምኗት አታወጣም፤ ካወጣችም በስንት ምክንያት።
«ተርሆ፣» ትለኛለች፣ «ዛሬ ደግሞ ጉድ አለልህ።»
ይኸው ሦስት ክረምት፤ እሷ ጉድ ስታመጣ፣ እኔ ስጠጣልህ።

አንድ ቀን፣ የሩም በርሜል ውስጥ ዓመት የከረመ፣
ሽታው ብቻ መንጃ ፈቃድ ለማስቀማት ያደመ፤
አንድ ቀን፣ ፍሬው ተጥሎ ገለፈቱ ብቻ የፈላ፣
ሻይ ቢሉት ሻይ ያልሆነ፣ ቡና ቢሉት ሌላ፤
አንድ ቀን፣ አየር በሌለበት ጋን ታሽጎ የኮመጠጠ፣
«እንጆሪ ነኝ» እያለ ምላሴን በሐሰት ያናወጠ።
አንዴማ፣ የሰሜን ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ አይብ ቆርጣ
ጨመረችበት። ጥርሴ ሥር ሲጮህ አይጥ መሰለኝ የመጣ።

እዚያ ማዶ የሚቀመጡት ወጣቶች ቃላት አላቸው፤
«ጃስሚን፣» ይላሉ፣ «ቤርጋሞት፣» ዓይናቸውን ጨፍነው።
እኔ ጃስሚን አላውቅም። የማውቀው ናፍጣ፣ ጨው፣ ጠጠር፣
አባቴ ጀልባውን ሲቀባ የሚፈላው ሬንጅ፣ ከወንዙ ዳር።
«ምን ይላል?» ስትለኝ እንግዲህ የማውቀውን ነው የምላት፦
«እርጥብ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ተረኛው ልጅ ሲወለውላት።»
ትስቃለች። ከመደርደሪያው ሥር ደብተር አውጥታ ትጽፋለች።
ለቀልድ ነበር የመሰለኝ፤ ለክፉ ቀን ሳቅ ታስቀምጣለች።

ባለፈው ቅዳሜ አንዷ እንግዳ ወተት ለምና፣ ቀምሳ፣
ፊቷን አጨማደደች፤ ጠረኑ እኔ ድረስ መጣ ተነሥቶ እንደ አውሬ ሬሳ።
ቱሊኪ ጠርሙሱን አነሣች፤ አፍንጫዋ ሥር አስጠጋች፤
ሳበች። ጠበቅን። ደግማ ሳበች።
«ደህና ነው እኮ፣» አለች።

ከዚያ ዓይኔን አየች። ያየሁትን አየች።

ሰው ሲወጣላት፣ በሩን ቆልፋ፦ «ያ ሕመም ሲለቀኝ ሽታን ይዞብኝ ሄደ፤
ሦስት ዓመቴ፤ ሁሉም ቡና ትኩስ ውሃ፣ ጥቁር ውሃ ሆኖ ነጎደ።
በሰዓትና በሚዛን እቆላለሁ፤ ሲንጣጣ በጆሮዬ እቆጥራለሁ፤
ልኩን መምታት አለመምታቴን ግን ካንተ ቃል አነባለሁ።»

ከኔ ቃል! ደብተሩን ገለጠችው፤ ቀኑ፣ ቡናው፣ ሥሩ የኔ ቃል፦
«እርጥብ ጓንት።» «አዲስ ጫማ፣ ሳጥኑ ሲከፈት።» አንዱ ላይማ «ተርሆ ዝም ብሏል።»
ከጎኑ በቀይ ቀለም፦ «ሁለት ደቂቃ ይቀነስ።» «ይህ ይደገም።»
ከበረዶ መግፋት በቀር ለማንም የፈየድኩት ያለ አይመስለኝም
ነበር።

አንድ ገጽ ላይ ግን ዓይኔ ተተከለ፤ «የጥድ ሙጫ» ይላል፤
የዚያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ፣ አፍንጫዬ ተደፍኖ፣ ብዬው ነበር ለማለት ያህል።
በዚያች ውሸት ልክ የተቆላው ነው እንግዲህ፣ ያ ወጣቱ
«ጃስሚን» እያለ የሚሰለፍለት፤ ኪራዩ፣ መብራቱ
የሚከፈልበት።

ልንገራት? አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።
እሷ ውሃ ጥዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትመዝናለች፤
አሥራ ስምንት ግራም። አንዲት ፍሬ በጥፍሯ ታነሣለች፣ ትመልሳለች።
ስኒውን አኖረችልኝና ብዕሯን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤
በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ስትቀመጥ አልታየች።

እኔም እንደ ተፈታኝ ተማሪ አንዴ ፉት አልኩ፤ ያዝኩት፤
ቸኩዬ ከምዋሽ ብዬ ምላሴ ላይ አቆየሁት።
ውጭ የሌላ ሰው መኪና በረዶውን እየፋቀ አለፈ፤
መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁ ራቀ፤ አረፈ።
«እሺ?» አለች።
«ቆይ፣» አልኳት፣ «ገና እየመጣ ነው።»