ጎደሎ ቆጠራ

ቺሎዌ ደሴት ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ገብቶ ይቀመጣል፣ ወንበር አይለምንም።
በዚያ ዝናብ መሐል፣ ከኪላ ጥሻ ሥር
ጨለማው አንገቱን አቅንቶ ሲያማትር፣
ያ ጨለማ ጒኛ ነበር።

ሁለት ኪሎ ብትሆን ነው፣ እንደ ገበያ ስኳር፤
ጅራቷ ግን ወፍራም፣ የሌላ አውሬ ብድር።
እህቶቿ ቡናማ፣ ነጠብጣብ የለበሱ፤
እሷ ግን ጥቁር ናት፤
ፋኖስ ካላስጠጉባት
ነጥቧ አይነበብም፣ ጥቁር በጥቁር ላይ የተጻፈ ጽሕፈት።

ጥፍሯን ከሰገባው መዝዛ ግንድ ትወጣለች፤
ቹካው ወፍ ሲንጫጫ ጆሮዋን ታዞራለች፤
የሰው ኮቴ ስትሰማ ባለችበት ትቆማለች፣
አንድ እግሯን አንስታ፣ ማሳረፉን እንደረሳች።

ሜዳ አትወድም።
ከጫካ ወደ ጫካ መሻገር ሲኖርባት
አጥር ሥር፣ ቦይ ሥር፣ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ፣
እንደ ባለዕዳ ሰው በጓሮ ትሄዳለች።
በጓሮ ደግሞ የሰው ዶሮ አለ።

ኤርሜሊንዳ ሬሞልኮይ ዘጠኝ ዶሮ ነበራት።
ማክሰኞ ሲነጋ ሦስቱ ሞተው አገኘቻቸው፤
አንገታቸው ላይ ብቻ ተነክሰው፣
ላባቸው እንዳለ፣ እንደ ተኛ ሰው።
«አልበላችም እኮ!» አለ ልጇ ባውዲሊዮ፣
«ለጨዋታ ገደለች። እኔም ልጫወት እንግዲህ።»
ከጀልባ ስባሪ፣ ከበሰበሰ ሳንቃ
ወጥመድ አበጀላት፤ ከሞቱት አንዷን ዶሮ
አሰረበት፤ «ይኸው፣ ብይ፣ ይብቃ።»

ሐሙስ ሌሊት ጓ አለ።
እሱ መጥረቢያ፣ እናቱ ፋኖስ ይዛ
በጭቃው ወረዱ።
በሳንቃው ክፍተት መዳፍ የምታክል ፊት፣
ሁለት የብርሃን ሳንቲም፣
ውሃ እንደ ነካው ፍም «እስስስ» የሚል ድምፅ።

ኤርሜሊንዳ ጎንበስ አለች፤ ጉልበቷ ቀጭ አለ።
ከሆዷ ፀጉሩ ተመልጦ፣ ጡቷ ቀልቶ አየች፤
ገና ዛሬ ማታ ልጅ የጠባው።
የጫካ ጠባቂው ነግሯት ያውቃል፦
ሰባ ምናምን ቀን ታረግዛለች፣
አንድ ወይ ሁለት፣ በዛ ቢባል ሦስት፣
በወደቀ ግንድ ባዶ ሆድ ውስጥ ትወልዳለች።
«ለጨዋታ አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

ወዲያው ትዝ አላት ኪላው ያበበበት ዓመት።
ኪላ በሰው ዕድሜ አንዴ ቢያብብ ነው፣ ቢበዛ ሁለቴ፤
አብቦ፣ ዘሩን አፍስሶ ይሞታል።
ዘሩን አይጥ በላ፤ አይጥ አይጥን ወለደ፤
ጫካውን ሞልቶ ወደ ቤት ወረደ።
በዱቄቱ ውስጥ፣ በቦቲው ውስጥ፣ በአልጋው ሥር።
የጎረቤቷ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ አሊሮ፣
ጎተራ ጠርጎ በገባ በሦስተኛው ሳምንት
ሳንባው ውሃ ሞላ።
የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ ደረቅ መሬት ላይ ሰጠመ።
«የአይጥ ሽንት አቧራ ነው» አለ ሐኪሙ፣
መስኮቱን እያየ፣ እናትየውን ሳያይ።

«መጥረቢያውን አስቀምጥ።»
«እማዬ፣ ሦስት ዶሮ!»
«መቁጠር አስተማርኩህ እንጂ አላስተማርከኝም።»
ሳንቃውን አነሳች።
ጨለማ ወደ ጨለማ ገባ፤
ቅጠል እንኳ አላንሾካሾከም።

ቅዳሜን ሙሉ ከዶሮ ቤቱ አልራቀችም፤
የሟች ባሏን መረብ፣ ዛሬም ዓሣ ዓሣ የሚለውን፣
በመርፌና በጥርሷ ዙሪያውን ሰፋችው።

እሑድ ማለዳ ቆጠረች። አምስት።
ከበሩ ጀምራ፣ በጣቷ፣ እንደገና። አምስት።
ከመረቡ ጥግ፣ ጡጫ በምታሾልክ ቀዳዳ ላይ
አንዲት ጥቁር ፀጉር በዝናብ ረጥባ ተንጠልጥላለች።
ነቀለቻት። ሽርጧ ኪስ ከተተቻት።

«ስንት ናቸው?» ሲል ጮኸ ባውዲሊዮ ከቤት።
ክር አስገባች በመርፌው፤ አንዴ ሳተች፣ ደገመች።
«ስድስት» አለችው።