ተጠየቅ፣ ማግደቡርግ

ቁጥሬ ዘጠና አራት፣ ወረፋው ረጅም፤
የማዘጋጃው ወንበር ሰው አያደላድልም።
ከመስኮቱ ማዶ ኤልበ ይፈሳል፣
ሰሌዳው ላይ ቁጥር ሰባ ላይ ያነክሳል።

ከጎኔ ኢርምትራውት፣ የመዝገብ ቤት ጡረተኛ፣
የውሻዋን ግብር ልትከፍል ተሰልፋለች እንደኛ።
«ስማኝ» አለች፤ ሰማኋት፤ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?
ወረፋ ያለ ወሬ መቼ ይገፋልኝ።

«ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ሕግ የነበረን እኛ፣
በምሥራቅ ላለው ገበያ ሁሉ እኛ ነበርን ዳኛ።
ጣሪያህ በጎረቤት ግቢ ቢያንጠባጥብ፣
ፍየልህ የሰው ጎመን ገብታ ብትመገብ፣
መበለት በባሏ ዕዳ ብትያዝ፣
ደብዳቤ ነው እንጂ ሰይፍ አይመዘዝ።
ፈረሰኛ ይላካል፣ በጭቃ፣ በበረዶ፣
ከፖላንድ ሜዳ፣ ከዚያም ከዚያ ማዶ፤
‹ተጠየቅ፣ ማግደቡርግ! እንዴት ይፈረዳል?›
ሸንጎው ይቀመጣል፤ ብራና ይወርዳል።
መልሱ ይጻፍና በሰም ይታተማል፤
ዋናው ይሄድና ግልባጩ ይከርማል።

«ኋላ ግንቦት መጣ፣» ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ሠራዊት ቅጥር ጥሶ፣ ነበልባል ከጣሪያ ጣሪያ ተዘረጋ።
ሰው ነደደ፤ ቤት ነደደ፤ ግልባጩም ነደደ፤
ለሌላው የፈረደ፣ ለራሱ ሳይፈርድ፣ አመዱ በኤልበ ወረደ።»

ዝም አለች። ሰባ አራት። አንድ ሕፃን አለቀሰ።

«የእሳት ልጅ አመድ ነው» ሲባል ሰምቻለሁ፤
የአመድስ ልጅ ማን ነው? ብዬ እጠይቃለሁ።

ሳቀች። «የሄደው ደብዳቤ» አለች፣ «የሰጠነው መልስ፤
በየሰው ከተማ፣ በየሣጥኑ፣ ጫፉ እንኳ ሳይቆረስ።
እኔ ራሴ በወጣትነቴ በባቡር ሄጄ፣
የራሳችንን ፍርድ ከሰው ቤት ገለበጥኩ፣ በዚህ በእጄ።
አስተማሪ ተማሪውን ደብተር ሲለምነው፣
ታውቃለህ ሐፍረቱን? እኔ አየሁት፤ ጣፋጭ ነው።

«በጥር፣ በእናቴ ዘመን፣ እሳቱ ከሰማይ ዘነበ፤
ጡብ ከጡብ ተፋቀ፣ ተቆጠረ፣ ተካበ።
ደግሞ ግንቡ ሲፈርስ፣ ክልሉ ሲዋቀር፣
ከጎረቤት ከሃሌ ጋር ስንፎካከር፣
ዋና ከተማ አሉን። በድምፅ። በጭብጨባ።
እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ፣ ጣሪያው ውኃ ሲያስገባ።»

ዘጠና አራት በራ።
ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ፣ ጥፍሯ አረንጓዴ፣ «ምን ነበር?» ስትለኝ፣
ፈረሰኛው ትዝ አለኝ።

«አድራሻ ልቀይር» አልኳት። ጻፈች፤ ማኅተም አሳረፈች፤
ዋናውን ለእኔ ሰጥታ ግልባጩን አስቀረች።
ኢርምትራውት ከኋላ፣ ከወረፋው መሐል፣
በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ «አደራ ይዘሃል!»