ጨው የሌለው ባሕር

ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሚኒባሱ ደርሶ፣
የቆላ ድባን አቧራ እንደ ካባ ለብሶ፣
ረዳቱ ጣራውን መትቶ «መጨረሻ!» አለ፤
እውነቱን ነው፤ ከጎርጎራ ወዲያ መንገድ የታለ?

ሽንኩርቱ፣ ጀሪካኑ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣
ጣራ ላይ የዋለው ሁሉ ተራግፎ ተቆጥሮ፣
አንዲት ሴት ቀረች፤ ነጭ ባርኔጣ፣ ትንሽ ቦርሳ፤
ጎንበስ አለች እኔን፣ ቁልፍ ያዡን፣ እንደ ንጉሥ እጅ ልትነሳ።
ስሟን ፉሚኮ፣ አገሯን ጃፓን አለችኝ፤
«ለስንት ቀን?» ስላት ሦስት ጣት አሳየችኝ።

ሦስት ቀን! እዚህ ምን ይታያል?
ፋሲልን ያየ ሁሉ ከጎንደር ይመለሳል።
ጣልያን የሠራው ወደብ ሣር ውስጥ ተኝቷል፤
መርከቡ ዘመድ እንደረሳው ሰው ጎኑ ዝጓል።
«ምንም የለም እኮ» አልኳት፣ ታዝንብኛለች ብዬ ፈርቼ፤
«እሱን ፍለጋ ነው የመጣሁ» አለች፤ ቀረሁ ቃል አጥቼ።
የእሷ እንግሊዝኛ ሰባራ፣ የእኔም ሰባራ፤
ብንገጥማቸው ወጣቸው ውሃ የሚይዝ እንስራ።

ወደ ባሕሩ ወረድን። ጎሹ ታንኳውን ገልብጦ
ደንገሉን ያደርቅ ነበር፣ ለብቻው ተቀምጦ።
ጣቷን ነከረች፣ ምላሷ ላይ አኖረች፤
«ጨው የለውም!» ብላ እንደ ሕፃን ተገረመች።
«ጨዋ ነው» አልኩ በአማርኛ፤ አልገባትም፤
ጎሹ ሳቀ እስኪያስለው። ቅኔ አይተረጎምም።

ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ አገሯን አወራችኝ፤
ከተራራና ከባሕር መሃል መንደሯ ውስጥ አኖረችኝ።
አንድ ፉርጎ ብቻ ያለው ባቡር ይመጣል፣
በሩን ይከፍታል፣ ማንም ሳይወርድ ይዘጋል።
ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቁልፉ እሷ ዘንድ ቀረ፤
ሠላሳ ዓመት ያስተማረችበት ግቢ በዳዋ ተወረረ።
ልጆቹ ወደ ከተማ፣ ድመቶቹ ወደ ወደቡ።
«ማታ በአምስት ሰዓት» ስትል «በእኛ አሥራ አንድ ነው» አልኳት፤
«በአሥራ አንድ» ብላ አረመች፤ ሰዓቴን አበደርኳት።
በአሥራ አንድ ሰዓት ድምፅ ማጉያው ዜማ ያሰማል፤
«ልጆች፣ መሽቷል፣ ወደ ቤት ግቡ» ማለት ነው ይባላል።
ልጅ የለም። ዜማው ግን አንድም ቀን አልቀረም።
ለማን ነው? ብዬ አልጠየቅኳትም።

ዓርብ ምንም አልሆነም።
ደብረ ሲና ደጅ ጫማዋን አውልቃ ደረደረች፤
የምእመኑንም ጫማ አንድ በአንድ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዞረች፤
ሲወጡ መንገዱን እንዲያውቀው።
ቅዳሜም እንደ ዓርብ ሆነ።

ቅዳሜ ማታ ግን፦
«ባሕራችን በቀን ሁለቴ ይሄዳል፤
ጭቃውን፣ ዛጎሉን ገልጦ ትቶ፣ ሁለቴ ይመለሳል።»
«የት ሄዶ?» አልኩ። ሳቀች።
«የእናንተስ?» አለች፤ «ይመጣል?»

ዓባይ በወዲያ ገብቶ በወዲህ ይወጣል፤
ግንዱን ይዞ፣ አፈሩን ይዞ ሱዳን ይወርዳል፤
ዓባይ ተመለሰ ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል?
ፈንታሁን በመተማ ሲወርድ ገና ጢም አላወጣም ነበር፤
ከካርቱም አንዴ ደወለ፤ ድምፁ ውስጥ ነፋስ ነበር።
ይህን አልነገርኳትም። ለእንግዳ አይባልም።
«የእኛ ውሃ ጨዋ ነው» አልኩ፤ «ሲሄድ አይጮህም።»

እሑድ ሄደች። ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር!» ይላል፤
ቦርሳዋ ጣራው ላይ ከዶሮ ጎን ተጭኗል።
ከክፍሉ ቁልፍ ጋር ወረቀት በእጄ አኖረች፤
የመንደሯ የውሃ ሰዓት ናት፣ ለዓመቱ የታተመች፤
በስንት እንደሚሄድ፣ በስንት እንደሚመጣ፣ የየዕለቱ ተጽፏል፤
አሁን ከቁልፎቹ ሚስማር አጠገብ ተሰቅሏል።

ማታ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል፣
ጎሹ ታንኳውን አስሮ ወደ ቤቱ ሲል፣
ቁጥሩን በጣቴ ይዤ ወደ ታች እወርዳለሁ፤
የአገራቸውን ሰዓት ወደ እኛ አሰላለሁ።
ዛሬ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ተመልሷል።
ትናንትም ተመልሷል። ነገም ቁጥር አለው፤ አይቀርም።
የት ሄዶ እንደነበር ግን
ወረቀቱ አይናገርም።