ሰባተኛው ክፍል

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
አርባ ወንበር አለኝ፣ አንድ ሰፊ ስክሪን፤
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሙታን ይነሡበታል፣
ሕያው አሥር ብሩን ከፍሎ ያይበታል።

ሰባተኛው ክፍል የመጣ ዕለት ማታ
ሐዋሳን ዝናቡ ይወቅጣል ያለ ፋታ።
ገቡ ባጃጅ ነጂዎች፣ ጃኬት እያራገፉ፣
ገቡ የፓርኩ ልጆች፣ ቀኑን ሙሉ የሰፉ፤
ጣታቸው ላይ ገና ክሩ ተጣብቋል፣
እንቅልፍ ቢናፍቁም ዞምቢው በልጦባቸዋል።

ባለፈው ሳምንት አጥር ተጥሶ ነው ያቆመ፤
ሺህ ሬሳ እየተንጋጋ፣ እያነከሰ፣ እያዘገመ፤
«ፈላጯ» ብለን የሰየምናት ባለ መጥረቢያዋ
እስከ ክርኗ ቀልቶ ነበር ሸሚዟ።
ሳምንቱን ሙሉ ስንወራረድ ከረምን፦
ማን ያመልጣል? ማን ይነከሳል? ስንቱን ትፈልጥልን?

እና ምን ሆነ መሰላችሁ?
ምንም።
አርባ ሰባት ደቂቃ አንድም ሙት አልመጣም።
አንድ ቤት፣ አንድ ምድጃ፣
ፈላጯና ሽማግሌ አባቷ
ድንች ይልጣሉ።
ድንች!
ልጣጩ ሳይበጠስ ረዝሞ ሲወርድ
ካሜራው እሱን ያያል።

ሽማግሌው ተነክሷል። ክንዱን በጨርቅ አስሯል።
ስሟ እየጠፋው ነው፤ አንዴ በእናቷ ስም ይጠራታል፣
አንዴ «አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?» ይላታል።
ሲመሽ ራሱ ተነሥቶ ጓዳ ገባ፤
«ከውጭ ቆልፊው» አላት።
ቆለፈች።
መጥረቢያውን ግድግዳ አስደግፋ
በሩ ሥር ተቀመጠች።
አለቀ።

መጀመሪያ የጮኸው ባራሳ ነው፣ ዓሣ ነጋዴው፦
«አሥር ብሬን መልስ! ድንች ነው ወይ ያሳየኸኝ፣ አንተ ሰው?
ድንችማ ቤቴ አለ፣ ሚስቴ ትልጠዋለች፣
እንዲያውም ከዚህችኛዋ ትፈጥናለች!»
ሳቅ። ፉጨት። አንድ ወንበር ወደቀ።
«ፊልም ሠሪው ገንዘብ አልቆበታል፣ ታወቀ፤
የሬሳ መቀቢያ ቀለሙን ቢያጣ
ሽማግሌ ይዞልን መጣ!»

ቃሚሶ ባጃጁ ከኋላ ተነሣ፦
«ለአንተ ካልተቆረጠ ሰው፣ ካልተቦጨቀ ሥጋ...
እንዲህ ያለ ክፍል እስከ ዛሬ አልሠሩም!»
«ምኑ ነው?» «ዝምታው!»
«ዝምታማ በነጻ ነው፤
ሐይቁ ዳር ውረድ፣ አባ ኮዳው
ቀኑን ሙሉ ቆሞ አንድ ቃል አይተነፍስ፣
ለሱም ቲኬት ቁረጥና ገብተህ አልቅስ!»

አንዱ «ትፍለጠው ነበር!» ሲል፣ ሌላው «አባቷ ነው!» ሲል፣
«አባትማ ሞቷል!» ሲል፣ «ገና አልሞተም!» ሲል፣
ቤቱ ዕድር መሰለ፣
ንፍሮው ብቻ ጎደለ።

ምትኬ አልተነሣችም።
ሁለተኛው ረድፍ፣ ጫፍ ላይ፣ የዘወትር ቦታዋ።
«በለው! ከኋላህ ነው!» እያለች
ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ነች።
ዛሬ ሻርፗን አፏ ላይ ጠቅልላለች።
«አንቺስ፣» አለ ባራሳ፣ «አሥር ብርሽ አላሳዘነሽም?»

«ቁልፉን ተሳስተዋል» አለች።
«የቱን ቁልፍ?»
«እንደዚያ ወዲያው ዝም አይልም።
ከውጭ ስትቆልፍበት
እጀታውን ከውስጥ ይሞክራል። በቀስታ ነው፣ እንዳይረብሽ።
ከዚያ ‹ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው› ይላል።»

ዝናቡ ብቻ ቀረ።
ባራሳ የወደቀውን ወንበር አነሣ።
አምና ሌሊት፣ አሞራ ገደል፣ ከአባ ኮዳዎቹ መሃል
በባዶ እግሩ ቆሞ የሷን አባት ያገኘ
እሱ ነበር፤ እኔም ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።
ብሩን አልጠየቀም ልላችሁ ነበር፤
ጠየቀ፣ በሩ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
አምስት ሰጠሁት።

ቅዳሜ ምትኬ ፍላሽ ይዛ መጣች፦
«ሰባተኛውን ጫንልኝ። ግን በሩ ጋ ሳይደርስ ቁረጠው።»
«እስከ ምኑ ድረስ?»
«እስከ ድንቹ። አባዬ ይወደዋል፤
ቢላዋ ባልሰጠውም እጁ ይልጣል።»

ቆረጥኩላት።
ባራሳ ግን እስከ ዛሬ፣ ዓሣውን እየቀረፈ፣
እንደዚያ ክፍል የወረደ የለም ይላል።