አንድ ሰዓት ከሃያ

ቫልፓራይሶ፣ ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ በለበሰበት ዳገት፣
ጭጋግ ከባሕር ወጥቶ ደረጃ ቆጥሮ በሚሄድበት፣
ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር፣
በስክሪን አስተምራለሁ ክፍልፋይና ድምር።

ተማሪዬ ማይቴን፣ ከደቡቡ ጫፍ፣ ከነፋሱ አገር፣
«ሦስት አራተኛ ሲደመር…» ብላ ልትናገር፣
አፏን እንደከፈተች ትደርቃለች።
ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች
(ያቺ ጭራዋን የምታሳድድ ክብ፣ መቼም አትደክም)፤
ከዚያ ጽሑፍ ይመጣል፦ «ግንኙነት የለም።»

አጠፋሁት፤ አበራሁት። የዘመኑ ጠበል ይኸው ነው፤
ሁሉም ይሞክረዋል፣ የዳነበት ግን ጥቂት ነው።
ሠላሳ ሰከንድ ቆጠርኩ፣ ሶኬቱን ነቅዬ፤
ሳጥኑን ከመጻሕፍት መሃል አውጥቼ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣
መስተዋቱን አነሳሁ፣ ሞገድ ይመልሳል ሲሉኝ፤
የዓሣውን ገንዳ ገፋሁ፤ ዓሣዎቹ በትዝብት አዩኝ።
አንቴናውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀጥ፣ ጋደም…
የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩ፤ የሚሰርቀኝ ግን የለም።

ቴክኒሻኑ ባልታሳር ሦስቴ መጣ፣ ሁሌም ረፋድ ላይ፤
ሐኪም ፊት ሳሉ እንደሚጠፋ ልጅ፣ አንድ እንከን ሳይታይ፣
አምስቱም መብራት አረንጓዴ፣ ቀጥ ብሎ ይጠብቀዋል።
«ዶኛ ኤውላሊያ፣ ጤነኛ ነው» ይላል። ይፈርማል። ይወርዳል።

እኔ ግን አርባ ዓመት «ሥራችሁን አሳዩ» ስል የኖርኩ ሴት፣
ካሬ ደብተር ገዛሁና ጻፍኩበት፦
ሰኞ፣ አንድ ከሃያ። አራት ደቂቃ።
ማክሰኞ፣ ከሃያ ሁለት። አራት ደቂቃ።
ረቡዕ፣ ከሃያ። ዝናብ ነበር። አራት።
ሐሙስ፣ ከሃያ አንድ። አራት።
ዓርብ ሁለት ጊዜ፤ አራት፣ ከዚያ አራት።

ብልሽት እንዲህ ሰዓት አያከብርም።
ይህ ሰው ነው እንጂ ዕቃ አይደለም።

ማይቴን ስትደርቅ ጆሮዬን ከግድግዳው ለጠፍኩ።
ዝ—ም የሚል፣ የሚሽከረከር ነገር ሰማሁ።
ከዚያ ሦስቴ «ቲን»።
ዶን ኤሌውቴሪዮ! የአሳንሰሩ የድሮ ፍሬን ያዥ፤
ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን እየበላ የሚያረጅ፤
በሩ በሲባጎ የታሰረ ማይክሮዌቭ አለው፣
የምስር ሾርባውን የሚያሞቅበት እሱ ነው።

ባልታሳር በስልክ ሳቀ፦ «ሁለቱም ባንድ መንገድ ነው የሚሄዱት፤
ሳጥኑን ወደ አምስት ጊጋኸርዝ ያዛውሩት።»

አዛወርኩት። ማይቴን ዐረፍተ ነገሯን ጨረሰች፦
«…ሲደመር አንድ ስምንተኛ፣ ሰባት ስምንተኛ» አለች።

አሥራ አንድ ምሽት እንደ ዘይት ፈሰሰ፤
ድምፅ አልተቆረጠ፣ ምስል አልፈረሰ።
ግን አንድ ከሃያ ሲሆን ዓይኔ ወደ ሰዓቱ ያያል፣
እጄ እርሳስ ያነሳል፣ መልሶ ይጥላል።
የደብተሩ ገጽ ነጭ።
ባዶ ደግሞ መልስ አይሆንም፤
«ዜሮ» ለማለት እንኳ መቁጠር ያስፈልጋል።
ሾርባውን አሙቆ ይሆን? ወይስ እንደቀዘቀዘ? ወይስ…
ሄዶ ማንኳኳት ነበር። እሱ ግን ለልቅሶ የሄድን ዕለት እንኳ
በሩን በእግሩ ገታ አድርጎ፣
«ምንም አልቸገረኝ» ያለን ሰው ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ምሽት ሳጥኑን ወደ ድሮው መለስኩት።
አንድ ከሃያ፤ ምንም።
ከሃያ አምስት፤ ምንም።
ማይቴን እንደ ብርጭቆ ጥርት ብላ ትቆጥራለች፤
እንዲህ ጥርት ያለ ምስል ጠልቼ አላውቅም።
ከሠላሳ ሲሆን ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ፤
«ጠብቂኝ፣ ልጄ፣ እዚህ ጎረቤት ደርሼ…»
ያንዱን ጫማ ክር ሳላስር፣

አፏን እንደከፈተች ደረቀች።
ክቧ ዞረች።

ባንድ እግር ጫማ ተቀምጬ እርሳሴን አነሳሁ፦
እሑድ፣ አንድ ከሠላሳ አራት።
አራት ደቂቃ።
በልቷል።