ቀይ ስም

ኩሺሮ ወደብ ላይ፣ ጭጋግ በዋጠው ቤት፣
የምድር መንቀጥቀጥ በሚመዘገብበት፣
ሺዙኖ ኩራሞቺ፣ የሌሊት ተረኛ፣
እኔ ለማጅ ልጇ፣ ቀን ቀን እንቅልፈኛ።

እኩለ ሌሊት ላይ፣ ቀን ከቀን ሲላቀቅ፣
ላልተወለደ ቀን ቦታ ታስጠብቅ
ነበር፤ በአንዲት መስመር፦
«ይህን ያህል ጊጋ፣ ከዚህ እስከዚያ ድረስ፣
ለነገ ይከለል፤ ሌላ እንዳይወርስ።»

የፋይል ሥርዓቱም፣ እንደ መሬት ቀያሽ፣
ካርታውን ዘርግቶ፣ ባዶ ቦታ አሳሽ፣
ተከታታይ ብሎክ አንድ ላይ ይመትራል፣
«የእገሌ ነው» ብሎ መዝገብ ላይ ያሰፍራል።
አንዲት ፊደል የለም፤ አንድም አልተጻፈም፤
ያንን ድንበር ግና ሌላ ፋይል አላለፈም።

«ብክነት አይደል ወይ?» አልኳት በአንድ ሌሊት፣
«ላልመጣ እንግዳ ያን ያህል ሰፊ ቤት?»
መልስ አልሰጠችኝም። የድሮ ፋይል ከፈተች።
መስመሯ ታየችኝ፤ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣
ወረደች፣ ወጣች፣ ሽቅብ ተወረወረች፣
እዚያው ላይ፣
ወደ ላይ እንዳየች፣
ቀረች።
«ዲስኩ ሞላ» አለችኝ። «ልክ ምድር ስትነቃ
ቦታ ልመና ገባ፤ ልመናው ሳያበቃ
ሁሉም አለፈ።»

ሌላም አስተማረችኝ፦ አለ ጉረኛ ፋይል፣
«ሺህ ጊጋ ነኝ» ብሎ በአደባባይ የሚምል፤
ቢፈተሽ፣ አንድ ጋት መሬት እንኳን የለው፤
ርዝመት ሌላ ነው፣ ርስት ሌላ ነው።

«ከተከለለው ላይ ባነብስ?»
«ዜሮ ነው።
ዜሮ በዜሮ ነው ዐይንህ የሚያየው።
ከሥሩ ግን አለ ያልጠፋ ቅሪት፣
ቀድሞ የኖረበት የሌላ ፋይል አጥንት፤
‹ያልተጻፈ› የሚል ምልክት ስላለ
ሥርዓቱ ይሸፍናል፣ ‹ምንም የለም› እያለ።
የተጻፈበት ቀን ምልክቱ ይነሣል።»
ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ዝግ ብሏል።

በነሐሴ፣ ሙታን በሚጠሩበት ሰሞን፣
ባልዲ ይዘን ወጣን ወደ ኮረብታው ጎን፣
የባሏን መቃብር ልናጥብ።
ድንጋዩ ላይ ስሙ፣ ቶኩዞ፣ ግራጫ ነው፤
ከጎኑ ያለው ግን ቀለሙ ቀይ ነው፦
ሺዙኖ።

ልማዱን ዐውቃለሁ፦ ቀይ ማለት በሕይወት፤
ቀለሙ የሚታጠብ በሞተበት ዕለት።
ግን የማውቀው ሰው ስም፣ ትናንት ብስኩቷን
የተካፈልኳት ሴት፣
ድንጋይ ላይ አይቼ አላውቅም።
እሷ ጨርቋን ጨምቃ ስሟን ወለወለች፣
ቀዩ እንዳይለቅባት፣ ቀስ ብላ፣ ዳር ዳሩን፤
ከእሱ ስም እስከ እሷ በጣቷ ለካች፣
«ተከታታይ ብሎክ» አለችና ሣቀች።

ማታ ሥራ ገባን። ጭጋጉ እንደ ልማዱ።
«ዛሬ አንተ ጻፈው» ብላ ከወንበሯ ተነሣች፣
ከመሸጫው ማሽን የጣሳ ሻይ ልትገዛ ወጣች።

ጻፍኩት።
ነገን በሙሉ፣ ሃያ አራት ሰዓቱን፣
ባዶውን ከለልኩት፤
ለመንቀጥቀጥ ይሁን ለጸጥታ፣
አላውቅም።